ለአዲስ ሄድ ነርስ፦ ዋርድ መምራት ከየት ይጀመራል?

በአገራችን ሆስፒታሎች አንድ ባለሙያ ሄድ ነርስ፣ ማለትም የአንድ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ነርሶች ኃላፊ፣ ሆኖ የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ አመራር ስለተማረ ሳይሆን ጎበዝ ነርስ ስለሆነ፣ ረጅም ዓመት ስላገለገለ ወይም የቀድሞው ኃላፊ ድንገት ስለለቀቀ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከነርሲንግ ዳይሬክተሩ ቢሮ የምደባ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እስከ ትናንት አብረውት ዱቲ (ተረኛ ሥራ) ሲገቡ ለነበሩ ባልደረቦቹ ኃላፊ ሆኖ ይገኛል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ደብዳቤ በቅርቡ ለተቀበሉ ባለሙያዎች ነው። እኔም የተሾምኩት በዚሁ መንገድ ስለነበር ከዚህ በታች ካሰፈርኩት ውስጥ ጥቂት የማይባለው ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ይቁጠሩ

የመጀመሪያው ሥራዎ ታካሚ መጎብኘት ይመስልዎት ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ደረቅ ሥራ አለ። የቀድሞው ኃላፊ የዋርዱን ንብረት ያስረክብዎታል፤ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) ወጪ ሆኖ ወደ ዋርዱ የመጣው ዕቃ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠየቀው ከእርስዎ ነው። ዝርዝሩን ይዘው እያንዳንዱን ዕቃ በዓይንዎ ሳያዩና በእጅዎ ሳይሞክሩ አይፈርሙ። እኔ በፈረምኩበት ቀን ወረቀቱ ላይ ስድስት ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) ሰፍሮ ነበር። ያስረከበችኝ ሲስተር የማከብራት ታላቄ ስለነበረች «እንቁጠረው» ለማለት አፈርኩና ፈረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሲቆጠር የተገኘው አራት ሲሆን፣ ከአራቱም አንዱ ባትሪ ቢቀየርለትም የማይነሣ ነበር። የጎደሉት የሁለቱ ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ ተከፈለ።

ቆጠራው ዕዳን ከመከላከል ያለፈ ጥቅም አለው። ሲቆጥሩ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ሳይሆን «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብለው ቀኑን ይጻፉ። የኦክስጅን ሬጉሌተሩ ይከፍታል? የሰክሽን ማሽኑ ይስባል? አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው ከረጢት) ማስክ አለው? የድንገተኛ መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ያለው አድሬናሊን ጊዜው አላለፈም? እነዚህን በሁለት ገጽ ከጻፉ በኋላ ለባዮሜዲካል ክፍልና ለፋርማሲ የሚልኩት ደብዳቤ የኃላፊነትዎ የመጀመሪያ ደብዳቤ ይሆናል፤ የዋርዱ ባልደረቦችም አዲሱ ኃላፊ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ዕቃውን መንካቱን ያያሉ።

ርክክቡን ወደ አልጋው ያቅርቡ

ዋርድ የሚመራው በጠዋቱ ርክክብ፣ ማለትም የሌሊት ተረኞች ታካሚዎችን ለቀን ተረኞች በሚያስረክቡበት ሰዓት፣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

በብዙ ዋርዶች ርክክብ የሚደረገው በነርሶች ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሌሊቱን ያደረችው ነርስ ቻርቶቹን ደርድራ «አልጋ 11 ደህና አደረ፤ አልጋ 12 መድኃኒቱን ወስዷል፤ አልጋ 13 ዛሬ ይወጣል» እያለች ታነባለች፤ ቀን የሚገቡት ደግሞ ጋዋን እየቆለፉ ይሰማሉ። በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ችግሩ «ደህና አደረ» የሚለው ቃል ምንም ዓይነት መረጃ የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ ነርሷ ታካሚውን ያየችው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከቃሉ አይታወቅም።

ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ወር በአንድ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ አልጋ 14 ላይ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ጎልማሳ ነበር። በርክክቡ ላይ «ደህና አደረ» ተባለ። የቫይታል ሳይን ቅጹን (ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የመሳሰሉት የሚመዘገቡበትን) ስገልጥ ትንፋሹ ምሽት ላይ 20፣ እኩለ ሌሊት ላይ 20፣ ንጋት ላይ 20 ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ያለውን አልጋ አየሁ፤ እሱም 20፣ 20፣ 20 ነው። የዋርዱ ታካሚ ሁሉ ሌሊቱን በደቂቃ ሃያ ጊዜ ሲተነፍስ አድሮ ነበር! ከሌሊቷ ተረኛ ጋር አልጋው ድረስ ሄደን፣ የልብ ምት የምንቆጥር መስለን እጁን ይዘን፣ ደረቱን እያየን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርን። ሠላሳ ሁለት ነበር። እጁ ቀዝቅዟል፤ የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ያለው መዳፍ አይሞላም። ሰውየው ከቀትር በፊት ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ተመለሰ።

አንድ ታካሚ ሁኔታው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ከመውረዱ ሰዓታት ቀደም ብሎ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው፤ በዋርዶቻችን አብዛኛውን ጊዜ በማሽን ስለማይለካ ግን በግምት የሚሞላውም እሱ ነው። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ይዘን ወጥተናል፤ ያልተሠራ ሲጻፍ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከዚያ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሐኪሙም ተከታዩ ተረኛም በወረቀቱ ተማምነው ያልፋሉ።

ስለዚህ ርክክቡን ወደ አልጋው ያቅርቡት። የምትወጣው ነርስና የምትገባው ነርስ በአንድነት ከአልጋው ዳር ይቆማሉ፤ ታካሚውን በስሙ ሰላም ይሉታል፤ ፊቱንና አተነፋፈሱን ያያሉ፤ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበትን ቦታና ቀኑን፣ የሚወርደውን ፈሳሽ፣ የሽንት ከረጢቱንና ድሬሲንጉን (የቁስሉን መሸፈኛ) በዓይን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ቻርቱን ከፍተው ሌሊቱን የተሰጠውንና ያልተሰጠውን መድኃኒት ይነጋገራሉ። ያልተሰጠ ካለ ምክንያቱ ይጻፋል፦ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ስላልመጣ ነው ወይስ ካኑላው ስለወጣ? ታካሚው መናገር የሚችል ከሆነ «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያወጣል፤ «ሌሊት ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ማንም አልነበረም» የሚለውን መልስ ከየትኛውም ቅጽ አያገኙትም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አልጋዎቻችን የተቀራረቡ፣ በየአልጋው ሥርም አስታማሚዎች ያሉባቸው ስለሆኑ የኤችአይቪ ውጤት፣ የአእምሮ ሕመም ወይም ቤተሰቡ ገና ያልተነገረው የካንሰር ምርመራ አልጋ ላይ አይነገርም፤ እሱ ለጠረጴዛው ይቆይ። ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሌሊቱን ቆማ ያደረች ነርስ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ትቸኩላለች፤ ትክክልም ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳውን አልጋ ለማዳረስ ቢሞክሩ ማጉረምረም ይነሣል፤ ሥርዓቱም በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል። በጠና ከታመሙት ስምንት ወይም አሥር ታካሚዎች ይጀምሩ፤ የቀን ተረኞች ሩብ ሰዓት ቀድመው እንዲገቡ ያድርጉ፤ እርስዎም በየቀኑ ይገኙ። ቅዳሜና እሑድ ግን አይገኙም፤ ስለዚህ ርክክቡን የሚመራ ሰው በፈረቃው በስም ይመደብ።

የ20 ነገር እንዴት እንደተፈታ ልጨምር። ተረኛዋን በሰው ፊት አልወቀስኩም፤ ለብቻችን ስንሆን ለምን እንደዚያ እንደምትጽፍ ጠየቅኋት። ዋርዱ ውስጥ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት አልነበረም፤ በሌሊት መብራት ሲጠፋ ደረት አይታይም፤ ከዚያም በላይ አሥራ አምስት ታካሚ ነበራት። ሁለት የግድግዳ ሰዓትና አንድ የእጅ ባትሪ ገዛን። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በቅጹ ላይ 18፣ 24፣ 22 የሚሉ ቁጥሮች መታየት ጀመሩ።

ድልድሉን በር ላይ ይለጥፉ

ዋርድ የሚፈርሰው በሕክምና ጉዳይ ከመሆኑ ይልቅ በዱቲ ድልድል ነው። ዱቲ ገንዘብ ነው፤ ዱቲ እንቅልፍ ነው፤ ዱቲ ከልጅና ከትዳር የሚሰረቅ ሌሊት ነው። ድልድሉን በወር መጀመሪያ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ያውጡ፤ በኪስዎ ወይም በመሳቢያ ሳይሆን ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጥፉት፤ ማን ስንት ሌሊትና ስንት በዓል እንደሠራ የሚደምር አንድ ገጽ ከጎኑ ያኑሩ። መለዋወጥ ይፈቀድ፤ ግን በጽሑፍና በሁለቱም ፊርማ ይሁን። ለበዓላት አብዛኞቹ ዋርዶች የቆየ መልካም ልማድ አላቸው፦ ፋሲካንና ገናን ሙስሊሞቹ፣ ሁለቱን ኢዶች ደግሞ ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ። ይህ በመልካም ፈቃድ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ግዴታ አይቁጠሩት፤ በአንድ ወገን ያለው ሰው ጥቂት ከሆነ ሸክሙ በሁለትና በሦስት ሰው ላይ ይወድቃልና ተራ ያውጡለት። እርስዎም በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የበዓል ሌሊት ይግቡ።

ከሐኪሙ ጋር መነጋገር

በራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋው ዞረው ሲያዩ) ላይ ነርስ ቻርት ተሸክማ ከኋላ የምትከተልበት ልማድ ገና አልጠፋም። ይህን በአዋጅ አይለውጡትም፤ የሚለውጠው ነርሷ ስትናገር ተጨባጭ ነገር መናገሯ ነው። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ ወደ ሆስፒታል የገባ አንድ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማለት ነው፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ ታሪኩ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምጠይቀው ነገር። በስልክ ሲሆን እንዲህ ይባላል፦

«ዶክተር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ሲስተር ነኝ፤ ስለ አልጋ 14 ነው የምደውለው። ትንፋሹ 32፣ የልብ ምቱ 124 ደርሷል። ከትናንት ወዲያ በፈነዳ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ የሸናው ከ60 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሆዱ ውስጥ ኢንፌክሽን ተፈጥሮ ወደ ሾክ እየገባ ነው ብዬ እሰጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ፤ እስኪደርሱ ኦክስጅን እጀምራለሁ፤ ፈሳሹንስ ልጨምር?»

ወጣት ነርሶች ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል ለመናገር ይፈራሉ፤ «ታካሚው ትንሽ ደከም ብሏል» ብለው ይዘጋሉ፤ ኢንተርኑም (ተለማማጁ ሐኪም) «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል። በሳምንት አንድ ቀን በሻይ ሰዓት፣ አንዷ ነርስ አንዷ ሐኪም ሆነው ይለማመዱት። መጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ግን ሌሊት ላይ ምላስ ይፈታል።

የአስታማሚው ነገር

በዋርዶቻችን ታካሚ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠውና ወደ ላቦራቶሪ ናሙና የሚሮጠው በአብዛኛው አስታማሚ ነው። ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ ታካሚውም በዘመዱ እጅ መታጠብን ይመርጣል። መስመሩ ግን ይሰመር። በአፍንጫ ቱቦ መመገብ፣ የኦክስጅን መጠን መለወጥ፣ የሚወርድ ፈሳሽ ማፍጠንና መድኃኒት መስጠት የነርስ ሥራ ነው፤ ለእናትም ለወንድምም አይሰጥም። ለአስታማሚው የሚሰጠውን ደግሞ አስተምረው ይስጡ፦ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ እጅ መታጠብን፣ ምን ሲያይ ነርስ መጥራት እንዳለበት አልጋው ዳር ቆመው ያሳዩት። ከገጠር የመጣች አንዲት እናት የልጇን ተረከዝ በየሁለት ሰዓቱ ከፍ አድርጋ በነጠላዋ ስትደግፍ ካየሁ በኋላ ብዙዎቹ ቤድ ሶሮች (ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጡ ቁስሎች) ማንም ስላላስተማረ የሚመጡ መሆናቸውን ተረዳሁ።

አቤቱታዎን በቁጥር ያቅርቡ

«ሰው አነሰን» የሚለውን ቃል የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ከሁሉም ክፍል ስለሚሰሙት ጆሯቸው ለምዶታል። ስለዚህ ሒሳቡን ያስሉላቸው። ለምሳሌ 30 አልጋ ባለው ዋርድ ሌሊት ሁለት ነርሶች ቢገቡ ለአንዷ 15 ታካሚ ይደርሳታል። የአንድ ታካሚ ቫይታል ሳይን በአግባቡ ሲወሰድ 5 ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ በ12 ሰዓት ፈረቃ ሦስት ጊዜ ሲወሰድ 225 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ጊዜ የደም ሥር መድኃኒት ማዘጋጀትና መስጠት በ6 ደቂቃ ቢታሰብ 180 ደቂቃ ይሆናል። ከ720 ደቂቃ ውስጥ 405ቱ ሄደ፤ የቀረው 315 ለ15 ሲካፈል ለአንድ ታካሚ 21 ደቂቃ ነው። አዲስ ገቢ መቀበል፣ ደም መስጠት፣ ማገላበጥ፣ ድሬሲንግ መቀየር፣ መጻፍ፣ የሞተን ሰው ማሰናዳትና ቤተሰቡን ማጽናናት ሁሉ ከዚያች 21 ደቂቃ የሚወጣ ነው። የራስዎን ዋርድ ደቂቃዎች በእጅ ሰዓት ለሦስት ቀን ለክተው ይህን በአንድ ገጽ ያቅርቡ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልግዎ የሰው ማነስ በታካሚዎች ላይ የሚያስከትለው ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በ9 የአውሮፓ አገሮች በ300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420 ሺህ በላይ ታካሚዎች የተመለከተ ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት አንድ ነርስ በምትከታተላቸው ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው ሲጨመር ታካሚው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ይላል፤ የዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ በ7 በመቶ ዝቅ ይላል። የአውሮፓ ዋርድና የእኛ ዋርድ አንድ ስላልሆነ ይህን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ የራስዎን ይቁጠሩ። በወር ውስጥ አዲስ የወጣ ቤድ ሶር ስንት ነው? ከአልጋ የወደቀስ? ሳይሰጥ ያለፈ መድኃኒትስ? ለቤድ ሶር የብሬደን መለኪያን ይጠቀሙ፤ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይደርሳል፤ 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ አዋቂ ለቁስል የተጋለጠ ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የሆስፒታሎች አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያም ለነርሲንግ እንክብካቤ የራሱን ምዕራፍ ስለሰጠ፣ ሲጠይቁ መመሪያውን ጠቅሰው ይጠይቁ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሁላችንም መብራት ይዛ በሌሊት ስትዞር በሚያሳየው ሥዕል እናውቃታለን፤ በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን ሻማ የምናበራውም ከዚያ ተነሥተን ነው። መንግሥቷን ያናወጠው ግን መብራቱ አልነበረም። በክሪሚያ ጦርነት የሞቱትን ወታደሮች በምክንያት ለይታ ቆጥራ፣ አብዛኞቹ የሞቱት ከቁስል ይልቅ መከላከል በሚቻል በሽታ መሆኑን በሥዕላዊ መግለጫ አሳየች። በበዓላችን ላይ ከሻማው ጎን የዋርዱ የዓመት ቁጥር ቢነበብ እመርጣለሁ።

ቁጥር ሲሰበሰብ ግን ስህተት ይወጣል፤ ስህተት ሲወጣ የሚቀጣ ኃላፊ ካለ ቁጥሩ በሚቀጥለው ወር ዜሮ ይሆናል። አንድ ነርስ መድኃኒት አሳስታ ራሷ መጥታ ከነገረችዎ መጀመሪያ ታካሚውን ይዩ፤ ለሐኪሙ ያሳውቁ፤ ከዚያ ሁለቱ ብልቃጦች ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ይጠይቁ።

ከዋርዱ ባሻገር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ሲኖሩ 5.8 ሚሊዮን ይጎድላሉ። የጎደለባቸው ሀብታም አገሮች ከድሃ አገሮች ይወስዳሉ፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሠራተኛ እንዳይመለመልባቸው ጥበቃ ይደረግላቸው ካላቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያም አለች። ያም ሆኖ ማንም ነርስ በራሱ ፈቃድ እንዳይሄድ አይከለከልም፤ መከልከልም የለበትም። በሌሊት ዱቲ ላይ የአሜሪካውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ወይም የባሕረ ሰላጤ አገሮችን ፈተና በስልኩ የሚያጠና ወጣት በዋርድዎ መኖሩ አይቀርም። አይቆጡት። ደመወዙን እርስዎ አይወስኑም፤ በእጅዎ ያለው ድልድሉ፣ ትምህርቱና የሠራውን ሥራ በስሙ ማመስገን ነው። በእነዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ቢቆይ ለዋርዱ ብዙ ነው፤ ቢሄድም ደረት አይቶ መቁጠርን ይዞ ይሄዳል።

እዚሁ ለሚቆዩት ደግሞ መንገዱ ከቀድሞው ሰፍቷል። የድንገተኛና ጽኑ ሕክምና፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኖ በተለየ ዘርፍ መማር ይቻላል፤ ተመራቂዎችም የብቃት ምዘና ፈተና ወስደው ነው ወደ ሥራ የሚገቡት። የሚያሳስበኝ በልዩ ዘርፍ የሠለጠነ ነርስ ተመልሶ በማያገናኘው ዋርድ መመደቡ ነው፤ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ በአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍል ካርድ ስትደረድር አይቻለሁ። በዋርድዎ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅሬታውን እሷ ብቻ እንድታቀርብ አይተዉአት።

ነርስ በውሳኔ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ብዙ ተብሏል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅትን መምራት በጀመሩበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የኩክ ደሴቶቿን ኤልዛቤት ኢሮን የድርጅቱ ዋና የነርሲንግ ኃላፊ አድርገው ሾመዋል። ታሪካችንም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመልሳለች፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ያረፈችውም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ሳለች ነው። ለአንድ ሄድ ነርስ የውሳኔ ጠረጴዛ የሚባለው ግን በጣም ቅርብ ነው፦ የሆስፒታሉ የመድኃኒት ኮሚቴ፣ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ፣ የጥራት ኮሚቴና የበጀት ስብሰባ። ነርስ በአባልነት ከሌለበት ይጠይቁ፤ ካለ ግን ባዶ እጅዎን አይግቡ፤ ያቺን አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ።

ኃላፊነቱን የሚለቁበት ቀንም ይመጣል፤ ተተኪውን ግን ከመልቀቅዎ በፊት ባለው ዓመት ማዘጋጀት ይጀምሩ። ከዋርዱ ውስጥ ሁለት ሰው ይምረጡ፤ ዓመት ፈቃድ ሲወጡ ተራ በተራ ይወክሉዎት፤ ድልድሉን አንዴ እነሱ ይሥሩት፤ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ቁጥሩን እነሱ ያንብቡ። የየወሩን ቁጥር፣ የላኳቸውን ደብዳቤዎች ግልባጭና ያልተመለሱ ጥያቄዎችን በአንድ ደብተር ያኑሩ። በርክክቡ ቀን ደግሞ ታናሽዎ ዝርዝሩን ይዛ ለመፈረም ስትቸኩል ብዕሩን ይቀበሏትና ኦክሲሜትሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው እያንዳንዱን በራሷ ጣት ላይ እያደረገች እንድትቆጥር ያድርጉ።